የአራዳ ቁልቁለትና የአጎቴ ፒካፕ

ፒያሳ ያደገ ልጅ ቁልቁለትን በእግሩ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ያውቀዋል። ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ተነስቶ ወደ ለገሐር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና፣ ከጊዮርጊስ በአቡነ ጴጥሮስ በኩል ወደ መርካቶ የሚዘልቀው መንገድ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስደው ጠመዝማዛ፣ ሁሉም የየራሱ የፍሬን ድምፅ ነበረው። አንበሳ አውቶቡስ ሲቆም የታመቀ አየር ተንፍሶ ነው። ላዳ ታክሲ ቀጠን ያለ ሲጢጥታ ነበራት። ውይይቶቹ፣ እነዚያ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ተገጥሞላቸው ሰው ፊት ለፊት እየተያየ የሚሳፈርባቸው ሰማያዊና ነጭ ፒካፖች፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣውን ከባድ ድምፅ እያሰሙ ይቆሙ ነበር። ያ ድምፅ የፍሬኑ ሸራ ማለቁን፣ ሸራውን የያዘው ሪቬትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር እየበላው መሆኑን የሚናገር እንደሆነ የተረዳሁት ኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ በረንዳችን ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደቆመ መለየት እችል ነበር።

ከታምቡርና ከሸራ ጋር በቅርብ ያስተዋወቀኝ ግን የአጎቴ ፒካፕ ነው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔና ወንድሞቼ ጋሼ እንለው ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ያጠራቀማትንም የተበደራትንም አንድ ላይ አድርጎ አንዲት ነጭ ቶዮታ ሃይሉክስ ገዛ። መኪናዋ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥሪት ናት፤ ብዙ እጅ አልፋለች፤ የበሩ ላሜራ ሁለት ጊዜ ተበይዷል። ሞተሯ ግን ቤንዚን ነበርና ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሥራዋም ከሱሉልታና ከጫንጮ በኩል ድንችና ጎመን ጭኖ ፒያሳ አትክልት ተራ ማራገፍ ነበር። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከዚያ እስኪነሳ ድረስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነቃ ሰፈር ነበር፤ እኛም ቤት ሆነን የሸክም ሠራተኞቹን ጥሪ እየሰማን ነበር የምናድረው።

ያን ጊዜ ስለ መኪና የሚጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ስለ መሄድ ነበር። ስንት ኩንታል ትጭናለች? እንጦጦን በስንተኛ ማርሽ ትወጣለች? በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? አጎቴም ለነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚኮራበት መልስ ነበረው። እንዴት እንደምትቆም የጠየቀው ሰው አላስታውስም። አቋቋሟን ግን እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አያት ነበር። ጠዋት የመጀመሪያው መርገጥ ላይ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሁለተኛው ላይ ይነሳል፤ ስለዚህ አጎቴ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነበር የሚረግጠው። ዝናብ ከመታት በኋላ ወደ ግራ ትጎትታለች። ባዶዋን ስትሆንና በድንገት ሲረገጥ የኋላ ጎማዎቿ ቆልፈው ይንሸራተታሉ፤ ስትጫን ደግሞ ፊቷ ይደፋና ቀስ ብላ ትቆማለች። በአራቱም ጎማዎቿ ታምቡር ነው የነበረባት፤ እግርን የሚያግዝ ሰርቮም አልነበራትም፤ የሚያቆማት የአጎቴ ጭን ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ሱሉልታ ድረስ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ጎመኑን ከጎኗ እስኪተርፍ ጭነን፣ እኔ በአጎቴና በረዳቱ መካከል ተቀምጬ፣ የእንጦጦን አናት አልፈን ወደ አዲሱ ገበያ መውረድ ጀመርን። ጉም ነበር፤ ከባሕር ዛፎቹ ጠብታ ይወርዳል። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና እየተንቀረፈፈ ይወርድ ስለነበር አጎቴ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት አልቻለም። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ሸራ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ቀጥሎ ፔዳሉ ዝቅ እያለ መጣ። አጎቴ ረገጠ፤ ደገመ፤ መኪናዋ አልያዘችም። አንድ ቃል ሳይናገር ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሰው፤ ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ ሳበ፤ ከፊታችን ያለውን መኪና በቀኝ በኩል አልፎ መንገዱ ትንሽ ለጥ የሚልበት ቦታ ላይ አወጣት። ረዳቱ ገና ሳትቆም ታኮውን ይዞ ዘለለ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ እየወጣ ነበር። አጎቴ ወርዶ መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ከዚያ ተመልሶ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። እስክትቀዘቅዝ ብዙ ቆየን፤ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ እየተሳበን አትክልት ተራ ደረስን። ጎመኑ ተራገፈ። ከዚያ ቤት አልሄድንም፤ በቀጥታ ወደ አለቃ ጋራዥ ነው የሄድነው።

አለቃ ሲባሉ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ሜካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ከሠራተኛ ሰፈር ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ በአንድ ጥግ ቶርኖ፣ በሌላው ጥግ የመኪናውን ሆድ ለማየት የተቆፈረ ጉድጓድ ነበረው። ዛሬ ያ ግቢ የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ መንደር ሲፈርስ፣ በየጓሮው የነበሩት ትናንሽ ቶርኖ ቤቶችና ጋራዦችም አብረው ሄዱ። ሕንፃ ሲፈርስ ሰው ያዝናል፤ እኔ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በነዚያ ግቢዎች ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀት በየአቅጣጫው መበተኑ ነው። አለቃ ሥራውን የተማሩት ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ከቀሩት ጣልያኖች በአንዱ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆነው ነበር። በወጣትነታቸው ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዘው በጣርማ በር ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስለወረዱ፣ ፍሬን ሲነሳ ፊታቸው ይለወጥ ነበር።

አጎቴ ያሰበው ቀላል ነገር ነው። «አለቃ፣ ጥሩ ሸራ ይግጠሙልኝና ነገ ልውጣ» አላቸው።

አለቃ ጎማው እስኪፈታ ምንም አልተናገሩም። ታምቡሩ ሲወጣ ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ብረት ከመጠን በላይ ሲግል የሚይዘው ቀለም ነው። ሸራው ገጽታው መስታወት ሆኖ አብረቅርቋል። በጣታቸው ዳሰሱትና «ሸራህ ምን አጠፋ?» አሉት። «ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው። ፍሬን መኪና የሚያቆም ይመስልሃል፤ ፍሬን ሩጫን ወደ ሙቀት ይለውጣል እንጂ። ሙቀቱን መውሰድ ያለበት ነፋስ ነው፤ እዚህ ታምቡር ውስጥ ነፋስ አይገባም።»

ከዚያም ጠመኔ አንስተው ግድግዳው ላይ ሥዕል ሠሩልን፤ በተለይ ለእኔ ይመስለኛል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ዝቅ ይላል። ሸራውም ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ዲስክ ግን የሚሠራው ሜዳ ላይ ነው፤ ካሊፐር የሚባለው መጨበጫ በፓዶቹ ከሁለት በኩል ይጨብጠዋል፤ ሲግል ቢሰፋ ወደ ፓዱ ይጠጋል እንጂ አይርቅም፤ ነፋሱም በቀጥታ ያገኘዋል። መኪና ስትቆም ክብደቷ ወደ ፊት ስለሚደፋ ብዙውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸውና ዲስኩ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ እንደሚጨምርም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዓመታት በኋላ ፊዚክስ ስማር ስለ ሙቀቱ የተናገሩትን በወረቀት አሰላሁት፤ ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና 400 ሜትር ከፍታ ስትወርድ 7.8 ሚሊዮን ጁል ያህል ታስረክባለች። ይህ ከ20 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሞተሩና ነፋሱ የሚችሉትን ካልወሰዱለት የቀረው ሁሉ በነዚያ አራት ታምቡሮች ውስጥ ነው የሚከማቸው።

ዲስክ የዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ፈረንሳይ ለማን ላይ የ24 ሰዓቱን ውድድር ያሸነፈው ጃጓር በዲስክ ፍሬን ነው የሮጠው፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲትሮየን ዲኤስ በተባለችው የቤት መኪና የፊት ጎማዎች ላይ መጣ። የጭነት ፒካፖች ዘንድ ግን ዘግይቶ ደረሰ። እኔ ስለ አራዳ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ እዚህ አገር ማሽን ቀድሞ ከገባባቸው ቦታዎች አንዱ እነዚህ ቁልቁለቶች መሆናቸው ነው። ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያመጣው የእንፋሎት ማሽን ሰባራ ባቡር ለተባለው ሰፈር ስሙን ትቶ ቀርቷል፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን መኪና በ1900 ዓ.ም. ይዞ ቤተ መንግሥት ሲደርስ አዲስ አበባ ጠፍጣፋ መንገድ የሚባል አልነበራትም። ይህ ከተማ ገና ከጅምሩ ማቆም ለሚችል ሰው የተሠራ ነው።

አለቃ የሰጡት ምክር አጎቴ ከጠበቀው እጅግ የበዛ ነበር። የፊት ዲስክ ብቻ ብገጥምልህ እግርህ ይሰበራል አሉት። ታምቡር ሲዞር ሸራውን ራሱ ወደ ውስጥ እየጎተተ ሹፌሩን ያግዘዋል፤ ዲስክ እንዲህ ያለ እገዛ የለውም፤ ኃይለኛ ግፊት ይፈልጋል። ስለዚህ ሰርቮ ያስፈልጋል። ሰርቮ ሲገባ የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ፖምፓም አብሮ ይታያል። ፊቱ ሲበረታ ኋላው ይመዘናል። «ፍሬን አንድ ዕቃ አይደለም» አሉ፤ «ከእግርህ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው ሁሉ ነው።» አጎቴ ዋጋውን ጠየቀ፤ ሰማ፤ ዝም አለ። ወጥቶ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ አጨሰ። ተመልሶ ሲገባ «ይሁን» አለ። የዚያን ዓመት የቤት ኪራዩን እናቴ እንደሸፈነችለት አውቃለሁ።

ሶማሌ ተራ የሄድነው ቅዳሜ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ሶማሌ ተራን ያውቃል፤ የመኪና ዕቃ የጠፋበት ሰው መጨረሻ የሚደርስበት ነው። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፤ ዕቃው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰቅሏል፤ ማርሽ ሳጥን፣ ራዲያተር፣ መብራት፣ የተጋጨች መኪና ግማሽ ፊት። ነጋዴዎቹ ዕቃውን አይተው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ሲናገሩ ይደንቁኝ ነበር። አለቃ ግን ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ አይቸኩሉም፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ልጅ ስለ ቤት ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ ነው ወደ ዕቃው የሚዞሩት።

የፈለጉት ከኛዋ ዘግይታ የወጣች፣ ፊቷ ዲስክ የሆነ ሃይሉክስ ነበር። ከኋላዋ ተገጭታ የተፈታች አገኙ። ዲስኩን በሽቦ አንጠልጥለው በመዶሻ እጀታ መቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ስንጥቅ ቢኖርበት ድምፁ ይታፈን ነበር። መለኪያቸውን አውጥተው ውፍረቱን ለኩ፤ በዲስኩ ላይ ከዚህ በታች አይሂድ ተብሎ ከታተመው ቁጥር ጋር አነጻጸሩት። የካሊፐሩን ፒስተን የሸፈነውን ጎማ ገልጠው ዝገት ፈለጉ። ግራውና ቀኙ ከአንድ መኪና ካልሆኑ አልወስድም አሉ፤ የተለያዩ ከሆኑ አንዱ ቀድሞ ይይዝና መኪናዋ ትጎትታለችና። በመጨረሻም ዲስኩን ከነካሊፐሩ፣ ጎማው የሚዞርበትን ብረት ከነኩሽኔታው ቤት፣ ሰርቮውን፣ እንዲሁም ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ ተያይዞ ጭነቱን እየለካ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚያበዛና የሚያሳንስ ቫልቭ ገዙ። ቸርኬውንም ጨመሩ፤ የኛዋ ቸርኬ ካሊፐሩን ሊነካ ይችላል ብለው ነበር፤ ኋላ ሲሞከር እውነትም ነካ።

ጎሚኒ፣ ቱቦ፣ ፓድና ዘይት ግን ያገለገለ አይገዙም። እንዲያውም የሱቁ ልጅ ርካሽ ያገለገለ የፍሬን ቱቦ ሲያሳያቸው የተቆጡት ቁጣ ትዝ ይለኛል፤ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊያብጥ ይችላል፤ ሲያብጥ ግፊቱን ያሳልፍና መልሶ አይለቅም። «ብረት ያረጀ ቢሆን እለካዋለሁ፤ ጎማ ግን አይለካልኝም» አሉ።

ሥራው ሳምንቱን ሁሉ ወሰደ። ትምህርት አልነበረምና ጠዋት ጠዋት ግቢያቸው እገኝ ነበር። ብዙ ጋራዦች ታምቡር ሲፈታ ብናኙን በአየር ይነፉት ነበር፤ ግቢው በሙሉ ይጨሳል። አለቃ ግን በእርጥብ ጨርቅ ያጸዱታል፤ እኔንና ተለማማጆቹንም ገለል በሉ ይሉናል። ያስተማሯቸው ጣልያን በሽምግልናው ደረቱን ይዞ ሲያስል አይተው ነበር። የዚያ ዘመን ሸራ ብዙው አስቤስቶስ ነበረበት፤ ብናኙ ሳንባን ለካንሰር እንደሚያጋልጥ ዛሬ ሁሉም ያውቀዋል። እሳቸው ቃሉን አንስተው አያውቁም፤ ግን ልጆቹን ይጠብቁ ነበር። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ እንኳ ስማቸውን በክብር ባነሳ ደስ ይለኛል፤ ቤተሰባቸው ግን በጽሑፍ እንዲነሱ ይፈልጉ እንደሆነ ስላልጠየቅሁ አለቃ ብዬ አልፋለሁ።

ሰርቮውን ሲገጥሙ የነገሩኝ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ተስማምቶኛል። ሰርቮ ማለት በመካከሉ በጎማ ሽፋን የተከፈለ ክብ ቆርቆሮ ነው። በአንዱ በኩል ሞተሩ አየሩን ስቦ ያወጣዋል፤ ሹፌሩ ሲረግጥ በሌላው በኩል የውጭ አየር ይገባና ሽፋኑን ይገፋል። የሚያግዘን እንግዲህ የውጭው አየር ክብደት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ጅቡቲ ካለው ሩብ ያህል ይቀላል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጃፓን ላይ የተለካ ሰርቮ እዚህ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ላይ ከቀረቡላቸው ሁለት ሰርቮዎች ሰፊውን ነበር የመረጡት። ይህን በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ምጽዋና አዲስ አበባ መካከል ሲነዱ አንድ መኪና እዚያ ታች ሲያቆም ቀላል፣ እዚህ ላይ ከባድ ሲሆን እግራቸው ነግሯቸው ነው።

ፖምፓውን ከፈቱ በኋላ ከመውጫው ላይ ትንሽ የጎማ ቫልቭ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ታምቡር ላይ ሸራው ሁልጊዜ ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቅ፣ ቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ነው። ለዲስክ ግን ያው ግፊት ፓዱን ከዲስኩ ላይ ለጥፎ ያስቀረዋል፤ መኪናዋ ሳትረገጥም ፍሬን ይዛ ትሄዳለች፤ ትግላለች። ከፊት በኩል አወጡት፤ ለኋላው ታምቡር ተዉት። የሚያህለው የምስር ፍሬ ነው። ስንት ሰው ውድ ዲስክ ገጥሞ በዚያች ነገር ምክንያት ፍሬኑን እንዳቃጠለ ከዚያ በኋላ በየጋራዡ አይቻለሁ።

ከዚያ የእኔ ሥራ መጣ። አየር ማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉ ላይ፣ አንዱ ጎማው ሥር። አለቃ «ና ማሙሽ፣ ውጣ» አሉኝ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ እግሬ እንዲደርስ ወደ ጫፉ ተጠጋሁ። ከፖምፓው የሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ይቀድማል፤ የፊት ግራው መጨረሻ ነው። እሳቸው ሥር ገብተው በመተንፈሻዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ጫፉን የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ።

«ርገጥ!»

«ረግጫለሁ!»

«ድገም… ድገም… ያዝ!»

«ይዣለሁ!»

መተንፈሻዋን ሲከፍቱ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይሰምጥና ወለሉን ይነካል። «እንዳትለቅ!» ይላሉ፤ ከዘጉ በኋላ «ልቀቅ።» ሳይዘጉ ብለቅቅ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ረዳቱ ከላይ ዘይቱ እንዳይጎድል ይጠብቃል። እንዲህ እያልን ከጎማ ወደ ጎማ ዞርን። መጀመሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ትልልቅ አረፋ፣ ቀጥሎ ደቃቅ፣ በመጨረሻም ጥርት ያለ ዘይት ብቻ መጣ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ሲጠነክር፣ ከዚያ ወዲያ አልወርድም ብሎ ሲቆም የተሰማኝን ደስታ እስካሁን መግለጽ ይከብደኛል። ከእኔ እግር ተነስቶ በቀጭን ቱቦ ውስጥ አልፎ አራት ጎማዎችን የሚጨብጥ ነገር እንዳለ ያን ቀን በአካሌ አወቅሁት። አለቃ ከሥር ወጥተው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ አንድ ጊዜ ራሳቸው ረገጡና «አሁን እግርህ አየ» አሉኝ።

ዘይቱ ዶት 4 ነበር፤ ገና ሲከፈት 230 ዲግሪ ድረስ የማይፈላ። ነገር ግን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠገበ ጊዜ መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። በዕቃ እጦቱ ዘመን ያገኘውን ዘይት ሁሉ ፍሬን ውስጥ የሚጨምር ነበር፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሲያበላሽ አለቃ ብዙ አይተዋል።

እሑድ ማለዳ፣ ቸርችል ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ አለቃ መሪውን ያዙ፣ አጎቴ ከጎናቸው፣ እኔ መካከል ተቀመጥን። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምረን ወረድን። አዲስ ፓድ ከዲስኩ ጋር እስኪለማመድ ድንገት አይረገጥም፤ ፍጥነት እየወሰዱ በመጠኑ ይዘው ይለቁታል፤ በመካከሉ ነፋስ እንዲያገኘው ይሄዱበታል። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን፣ ከብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት ባለው ለጥ ያለ ቦታ ላይ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው በደንብ ረገጡ። መኪናዋ አፍንጫዋን ትንሽ ደፍታ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግራም ቀኝም አላለችም። ወርደው መዳፋቸውን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ የፊቶቹ እኩል ሞቀዋል፤ ማንም ተለይቶ አልጋለም። አጎቴ ሲስቅ ያየሁት ከዚያ የእንጦጦ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

በማግስቱ ጭነን ከእንጦጦ ስንወርድ አጎቴ በፊት ከሚወርድበት በባሰ ዝግታ ወረደ። አለቃ ሲያስረክቡት ያዘዙት አንድ ነገር ነበር፤ አዲስ ፍሬን አለኝ ብለህ ማርሽህን እንዳትቀይር፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። እስኪሸጣት ድረስ እንደዚያው አደረገ። የሰፈሩ ሹፌሮች ግን ነገሩን ሰምተው መኪናዋን ሊያዩ ይመጡ ጀመር፤ ጎማው ሥር ተንበርክከው ዲስኩን ያዩታል፤ ዋጋ ይጠይቃሉ። ከነሱ ሁለቱ ውይይት ነጂዎች ነበሩ፤ አስራ ሁለት ሰው ከኋላ ጭነው በነዚህ ቁልቁለቶች ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱ። አለቃ ለነዚያ ሁለቱ ከሌላው ባነሰ ዋጋ ነው የሠሩላቸው፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ «የተጫነው ጎመን አይደለም» ነበር መልሳቸው።

አጎቴ ፒካፗን ከዓመታት በኋላ ሲሸጣት ገዢው የደጀን ሰው ነበር፤ የዓባይን በረሃ እየወረደና እየወጣ እህል ሊያመላልስባት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ብቻ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። አጎቴ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ሰውየውን አለቃ ዘንድ ይዞት ሄደ። አለቃ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ለተለማማጆቻቸው ትተው ነበር፤ ሆኖም ከወንበራቸው ተነስተው ሰውየውን ጎማ በጎማ አዞሩት። የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ፣ የኋላው ቫልቭ ዘንግ ከታጠፈ ምን እንደሚሆን፣ በረሃው መካከል ፔዳሉ ቢለሰልስ ምን ማድረግ እንዳለበት ነገሩት። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ፣ ክረምቱ እንደወጣ እንዲቀይር አስምለው ሸኙት።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ሰውየው መኪናዋን ይዞ ከደጀን ድረስ መጣ። እኔም የዚያን ዕለት ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ከኋላ ጎማው የወጣው ዘይት ጥቁር ቡና መስሎ ነበር፤ ፓዱ ግን ገና ግማሹ ቀርቶታል። አለቃ ፓዱን በጣቶቻቸው እየዳሰሱ ውፍረቱን ገመቱ፤ ተለማማጁ ለካው፤ ትክክል ነበሩ። «በማርሽ ነው የምትወርደው ማለት ነው» አሉት። ሰውየው አዎን አለ። የመጣበትን ዘይት ቀይረውለት፣ የእጃቸውን ዋጋ አልቀበልም አሉ፤ ከደጀን ያመጣላቸውን ጤፍ ግን ተቀበሉት።